ከማዶ ሲያዩትና ከሥሩ ሲኖሩበት፦ የአዲስ አበባ ረጃጅም ሕንፃዎችና የሌሊት መብራታቸው

ከእንጦጦ ላይ ሆኖ በምሽት አዲስ አበባን ቁልቁል ያየ ሰው ዝም ብሎ አይመለስም። «ከተማችን አማረባት» የሚለው ብዙ ነው። «ዱባይን መሰለች» የሚልም አለ፤ አንዱ ይህን የሚለው ደስ ብሎት ነው፣ ሌላው ከፍቶት። ታክሲ ውስጥም ሆነ ቡና ላይ ክርክሩ ብዙ ጊዜ እዚሁ ይቆማል፤ አምሯል ወይስ አላማረም። ሰው የሚናገረውን ቀረብ ብሎ ላዳመጠ ግን አብዛኛው ቅሬታና ምስጋና ከጣዕም ያለፈ ነገር ይዟል። «ከሰዓት በኋላ ቢሮው ይጠብሳል»፣ «መብራቱ ዓይን ይወጋል»፣ «ሕንፃው ሁሉ አንድ መልክ ሆነ»፣ «ዓመት ሳይሞላው ግማሹ መብራት ጠፋ» ሲባል እያንዳንዱ ንግግር በዋት፣ በሉክስ (አንድ ቦታ ላይ የሚያርፍ ብርሃን መለኪያ ነው) ወይም በዲግሪ ሊለካ የሚችል ምክንያት አለው። ተናጋሪው ባለሙያ ስላልሆነ ብቻ ቃሉ ችላ ሊባል አይገባም፤ ሰውነቱ የለካውን ነው የሚነግረን።

የከተማዋ ገጽ የተለወጠው በአጭር ጊዜ ነው። ጥር 19 ቀን 2004 ዓ.ም. የተመረቀው የአፍሪካ ኅብረት ሕንፃ ቁመቱ 99.9 ሜትር ሲሆን፣ ቁጥሩ የተመረጠው እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 9 ቀን 1999 የወጣውን፣ ኅብረቱ እንዲመሠረት የጠየቀውን የሲርት መግለጫ ለማስታወስ ነው። አሥር ዓመት ቆይቶ የካቲት 6 ቀን 2014 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት በ209 ሜትር ተመረቀ፤ ከእጥፍ በላይ ማለት ነው። ከሰንጋ ተራ እስከ ሜክሲኮ የሌሎች ባንኮችና የኢንሹራንስ ኩባንያዎች ሕንፃዎች ተደርድረዋል። በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የኮሪደር ልማት ደግሞ መንገድ ዳር ያሉ ነባር ሕንፃዎች ግንባራቸውን እንዲያድሱና መብራት እንዲገጥሙ አደረገ። በዚህ ፍጥነት የተለወጠ ከተማ ውስጥ ሰው ሐሳቡ ቢከፋፈል አይገርምም።

ምስጋናውን ከመለየት እንጀምር። «መብራቱ ጥሩ ነው» የሚል ሰው ብዙ ጊዜ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን በአንድ ስም ይጠራል። አንዱ መሬት ላይ የሚያርፈው ብርሃን ነው፤ ከ3 እስከ 5 ሜትር ምሰሶ ላይ ሆኖ የእግረኛ መንገዱን፣ ደረጃውን፣ የሚመጣውን ሰው ፊት የሚያሳየው። ሴቶች አምሽተው እንዲሄዱ፣ ቤተሰብ ልጆቹን ይዞ ማታ ወጥቶ እንዲቀመጥ ያደረገው ይኼኛው ነው፤ ምስጋናውም ይገባዋል። ሌላው ሕንፃው ራሱን ለማሳየት የሚያበራው ነው። ይህ ለመንገዱ ምንም አይጨምርም፤ እንዲያውም በጣም ከደመቀ ዓይን ለእሱ ይጠብና ሥሩ ያለው ጨለማ የባሰ ይጨልማል። ደማቅ ሕንፃ ሥር ያለ ጉድጓድ ከሌላው በላይ የማይታየው ለዚህ ነው።

ፀሐይና መስታወት

ምዕራብ የዞረ የመስታወት ሕንፃ ውስጥ የሚሠሩ ሰዎች ቅሬታ አንድ ዓይነት ነው፦ ጠዋት ኮት፣ ከሰዓት በኋላ ላብ። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ፣ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ትገኛለች። ፀሐይ በቀትር ወደ አናት ስለምትጠጋ ለሰሜንና ለደቡብ የዞረ መስኮት መጠለያው ቀላል ነው። ቁመቱ 1.5 ሜትር ለሆነ መስኮት፣ በታኅሣሥ ፀሐይ ወደ ደቡብ ስታዘነብል ቀትር ላይ ሙሉ በሙሉ ለመከለል 95 ሴንቲ ሜትር ወደ ውጭ የወጣ ጥላ ይበቃል። በሰኔ ወደ ሰሜን ስታዘነብል ደግሞ 40 ሴንቲ ሜትር ብቻ። በረንዳ ያለው ሕንፃ ይህን ያለ ተጨማሪ ድካም ያገኘዋል።

የሚያስቸግሩት ምሥራቅና ምዕራብ ናቸው። መስከረም ወይም መጋቢት ላይ ከቀኑ 11 ሰዓት ሲሆን ፀሐይ ከአድማስ ከፍ የምትለው 21 ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው፤ በመስኮቱ ፊት ለፊት ትገባለች። ያንኑ 1.5 ሜትር መስኮት በአግድም ጥላ ለመከለል 4 ሜትር ያህል ማውጣት ይጠይቃል። ይህን የሚያደርግ የለም። ምዕራብ ፊት የሚፈልገው ጠባብ መስኮት፣ ወይም ከመስኮቱ ውጭ ቀጥ ብለው የቆሙ ጠባብ የጥላ ሰሌዳዎች ነው። አፍሪካ አዳራሽንና ማዘጋጃ ቤቱን የነደፈው አርቱሮ መዜዲሚ ይሠራ በነበረበት በ1950ዎቹ ዓ.ም.፣ ቸርችል ጎዳናና አካባቢው ላይ የቆሙት ብዙዎቹ ሕንፃዎች ገባ ያለ መስኮት፣ በረንዳና የኮንክሪት ጥላ ነበራቸው። ዛሬ አራቱንም ፊት በአንድ ዓይነት መስታወት ማልበስ ተለመደ፤ ንድፉ ፀሐይ በየት በኩል እንደምትወጣ እንኳ አያውቅም ማለት ይቻላል።

ሙቀቱ ምን ያህል እንደሆነ በቤት ዕቃ መመዘን ይሻላል። ጥርት ባለ ቀን ከሰዓት በኋላ በምዕራብ ፊት ላይ በካሬ ሜትር 600 ዋት ገደማ የፀሐይ ኃይል ያርፋል። 6 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ተራ ነጭ መስታወት ከዚህ 80 በመቶ ያህሉን ወደ ውስጥ ያሳልፋል። ቀለም የገባበት መስታወት 60 በመቶ አካባቢ ያሳልፋል እንበል። ታዲያ 100 ካሬ ሜትር መስታወት ያለው ወለል ውስጥ 36 ኪሎ ዋት ሙቀት ይገባል። የእንጀራ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎ ዋት ገደማ ስለሚወስድ፣ ቢሮው ውስጥ አሥር ምጣድ ተጥዶ ሠራተኛው መሐሉ ተቀምጧል ማለት ነው። ሎው ኢ የሚባለው፣ በዓይን በማይታይ ስስ የብረት ሽፋን የተቀባው ድርብ መስታወት በደንብ ከተመረጠ ይህን ወደ 30 በመቶ፣ ማለትም ወደ አምስት ምጣድ ያወርደዋል። ጠዋት ብርድ የሚሆነው ደግሞ ነጠላ መስታወት ሙቀት መያዝ ስለማይችል ነው፤ የሌሊቱ ቅዝቃዜ በቀጥታ ያልፋል። ስለዚህ መስታወት ሲገዛ የሚጠየቀው ቀለሙ ብቻ ሊሆን አይገባም። አቅራቢው በጽሑፍ ሊሰጥ የሚገባው ሁለት ቁጥር አለ፦ የፀሐይ ሙቀት ምን ያህል ያሳልፋል፣ ሙቀት በምን ፍጥነት ያስወጣል። እነዚህን ማቅረብ ካልቻለ ዕቃው በውል አይታወቅም።

እዚህ ላይ ነው የዱባይ ንጽጽር የሚፈርሰው። በዱባይ በበጋ የውጭው አየር ከ40 ዲግሪ በላይ ስለሚሆን መስኮት መዝጋት ግዴታ ነው። አዲስ አበባ ግን የቀን ከፍተኛ ሙቀቷ ዓመቱን ሙሉ 23 ዲግሪ አካባቢ ነው። ያ አየር በነፃ የተሰጠ ማቀዝቀዣ ነው። ፀሐይ የተከለለበት፣ መስኮቱ የሚከፈት ሕንፃ እዚህ ኤርኮንዲሽን ሳይገባበት ሊኖር ይችላል። ከርተን ዎል የሚባለውን የመስታወት ግድግዳ ያለ መክፈቻ የገጠመ ባለሕንፃ ነፃውን አየር ዘግቶ፣ ማቀዝቀዣ ገዝቶ፣ መብራት በጠፋ ቁጥር በጄኔሬተር ያንቀሳቅሰዋል። በላይኛው ፎቅ ነፋሱ ይበረታል የሚለው ስጋት ትክክል ነው፤ መፍትሔውም የታወቀ ነው። ከላይ ተንጠልጥሎ ከታች ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ብቻ የሚከፈት መስኮት በየሁለት ወይም በየሦስት መደዳው ማስገባት ይበቃል።

የሚያንጸባርቀው መስታወትም የውጭውን ሰው ይነካል። ለባለሕንፃው ሙቀት ይቀንስለት ይሆናል፤ የቀነሰው ሙቀትና ብርሃን ግን ወደ መንገዱ፣ ወደ ሾፌሩ ዓይን፣ ወደ ጎረቤቱ ሳሎን ይሄዳል። ወደ ውስጥ የታጠፈ ቅርጽ ካለው ደግሞ እንደ መስተዋት ሰሐን ብርሃኑን አንድ ቦታ ይሰበስባል። በ2013 እ.ኤ.አ. በለንደን 20 ፌንቸርች ስትሪት የተባለው ሕንፃ በግንባታ ላይ ሳለ ያንጸባረቀው ፀሐይ ሥሩ የቆመ መኪና አካል አቅልጧል።

«ሁሉም አንድ መልክ ነው» የሚለው አስተያየት ምክንያቱ ዕቃው ነው። ክላዲንግ እያልን የምንጠራው የአልሙኒየም ልባስ የሚመጣው በመደበኛ 1.22 በ2.44 ሜትር ሉህ፣ በ4 ሚሊ ሜትር ውፍረት፣ በጥቂት ቀለሞች ነው። አንድ መልክ ያለው ዕቃ ሁሉም ዘንድ ሲገጠም አንድ መልክ ያለው ጎዳና ይወጣል። ተፈላጊ ያደረገው ሌላም ነገር አለ፦ የተጣመመ የብሎኬት ግድግዳን ይሸፍናል፣ በፍጥነት ይገጠማል። ቁም ነገሩ ሁለቱ የአልሙኒየም ቆዳዎች መሐል ያለው ነው። ርካሹ መሐሉ ፖሊኢትሊን፣ ማለትም ላስቲክ ነው፤ ይቃጠላል፣ እየነደደም ይንጠባጠባል። በሰኔ 2009 ዓ.ም. በለንደን ግሬንፌል ታወር 72 ሰው የሞተበት እሳት የተዛመተው በዚህ ዓይነት ልባስ ነው። የማይነደው ዓይነት መሐሉ በማዕድን ዱቄት የተሞላ ነው፤ ዋጋው ይበልጣል፣ በመልክ ግን ሁለቱ አይለዩም። ገዢው ከማስገጠሙ በፊት የቁራጩን ጠርዝ አይቶ፣ የእሳት ምርመራ ሰርተፍኬት ጠይቆ፣ ከተጫነው ሉህ ላይ ናሙና አስቆርጦ ማስመርመር አለበት።

መብራቱ ለምን በመስመር ብቻ ሆነ

የመብራቱን መልክ የወሰነው መስታወቱ መሆኑን ብዙ ሰው አያስተውልም። ድንጋይ ወይም ልስን ግድግዳ ከሥሩ 20 ወይም 30 ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ በተተከለ መብራት ሽቅብ ቢበራ የግድግዳው ሸካራነት ይወጣል፤ ብርሃኑ ግድግዳው ላይ ያርፋል፣ ሕንፃው ለስለስ ብሎ ይታያል። መስታወት ብርሃን አይዝም። የላኩለትን ወይ ያሳልፈዋል ወይ ወደ ሰማይ ይወረውረዋል። ስለዚህ የመስታወት ሕንፃ ባለቤት የሚቀረው ምርጫ የኤልኢዲ ስትሪፕ፣ ማለትም ትናንሽ መብራቶች የተደረደሩበት ጥብጣብ፣ በጠርዙና በየወለሉ መዘርጋት ነው፤ ብርሃኑ ግድግዳ ላይ ማረፉ ቀርቶ በቀጥታ የተመልካችን ዓይን ያያል። «ይወጋል» የሚባለው ያ ነው። ቀለሙም ያባብሰዋል። የብርሃን ቀለም የሚለካው በኬልቪን ነው፤ 6,500 ኬልቪን የሆነው ነጭ ሰማያዊ የበዛበት ስለሆነ ሌሊት ዓይንን ያስቸግራል፣ እንቅልፍን ያዘገያል፤ ከ2,700 እስከ 3,000 ኬልቪን ያለው ግን ወደ ሻማ ብርሃን የተጠጋ ነው። ቀይና አረንጓዴ እየተለዋወጠ የሚያበራ ሕንፃ የትራፊክ መብራት ጀርባ ሲሆን ለሾፌር አደገኛ ነው፤ ቢያንስ በመስቀለኛ መንገድ ላይ ቀለሙ ሊገደብ ይገባል።

አሁን «ግማሹ ጠፋ» ወደሚለው እንምጣ። 40 በ40 ሜትር የሆነ፣ 20 ወለል ያለው ሕንፃ እናስብ። ዙሪያው 160 ሜትር ነው፤ በየወለሉ አንድ መስመር ቢዘረጋ 3,200 ሜትር ስትሪፕ ይፈልጋል። 24 ቮልት የሆነ ስትሪፕ ከአንድ ጫፍ ብቻ ኃይል ቢሰጠው ከ10 ሜትር በላይ ሲሄድ ቮልቴጁ ይወርዳል። መንገድ ላይ ቆመው ቀና ቢሉ አንዱ ጫፍ የደመቀ፣ ሌላው ጫፍ የፈዘዘና ወደ ቢጫ ያደላ መስመር የሚያዩት ለዚህ ነው፤ ገጣሚው ገመድ ለመቆጠብ 20 ሜትር ከአንድ ነጥብ ጎትቶታል። በደንብ ይሠራ ከተባለ 3,200 ሜትሩ ቢያንስ 320 የኃይል መግቢያ ነጥብ አለው፤ እያንዳንዱ ነጥብ ደግሞ ውኃ ሊገባበት የሚችል መገጣጠሚያ ነው። የክረምት ዝናብ ሃያኛ ፎቅ ላይ ከላይ ወደ ታች ብቻ አይወርድም፤ በነፋስ እየተገፋ በአግድም ይመታል። አይፒ የሚባለው ዕቃው አቧራና ውኃ የመከላከል ደረጃው ነው፤ ለመሬት የሚበቃ አይፒ 65 እዚያ አይበቃም፤ አይፒ 67 ያስፈልጋል።

ኤልኢዲው ራሱ ቶሎ አይሞትም። 50,000 ሰዓት ተብሎ የሚሸጥ፣ ሌሊቱን ሙሉ 12 ሰዓት ቢበራ እንኳ 11 ዓመት ይሄዳል። ቀድሞ የሚሞተው ድራይቨሩ፣ ማለትም 220 ቮልቱን ወደ 24 የሚያወርደው ሳጥን ነው። ውስጡ ያለው ካፓሲተር፣ ማለትም ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅመው ክፍል፣ የሚኖርበት ሙቀት በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ዕድሜው በግማሽ ይቀንሳል፤ ቀን ፀሐይ ከሚጠብሰው ክላዲንግ ጀርባ ከተቀመጠ ዕጣው የታወቀ ነው። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ የሚመጣው የቮልቴጅ ዝላይም ይጨርሰዋል። መከላከያው ሦስት ነገር ነው፦ ድራይቨሩ በየወለሉ የኤሌክትሪክ ክፍል ውስጥ በጥላ መቀመጥ፣ ከአቅሙ 80 በመቶ በላይ አለመጫን፣ ፓነሉ ላይ ሰርጅ ፕሮቴክተር፣ ማለትም የቮልቴጅ ዝላይ መከላከያ፣ መግጠም። ድራይቨሩ ውስጥ ከሆነ ሠራተኛ በመሰላል ይቀይረዋል፤ ውጭ ከሆነ በገመድ የሚወርድ ሰው መጥራት ግድ ነው፤ ስለዚህም ሳይቀየር ይቀራል። ቀለም የሚቀያይሩት ስትሪፖች ላይ ደግሞ ትእዛዙ ከአንዱ ቺፕ ወደ ቀጣዩ እየተላለፈ ስለሚሄድ አንዷ ቺፕ ከተበላሸች ከእሷ ቀጥሎ ያለው ሁሉ ይጠፋል ወይም በዘፈቀደ ይብለጨለጫል። ሽፋኑንም ማየት ይገባል። በእኛ ከፍታ የፀሐይ አልትራቫዮሌት ከባሕር ዳርቻ ከተሞች በግልጽ ይበረታል፤ የፒቪሲ ሽፋን ቢጫ ሆኖ ይሰነጠቃል፣ የሲሊኮን ሽፋን ይቆያል።

ከዚህ የከፋው እሳት ነው። በ2015 እ.ኤ.አ. የመጨረሻ ቀን፣ በፈረንጆች አዲስ ዓመት ዋዜማ፣ ዱባይ ውስጥ አድረስ ዳውንታውን ሆቴል ሲነድ ዓለም ሁሉ አየው። የዱባይ ፖሊስ ምርመራ መነሻው የሕንፃውን ውጫዊ ገጽ ለማብራት የተገጠመ መብራት ገመድ ላይ የተፈጠረ ሾርት መሆኑን ገለጸ። መብራትና የሚነድ ልባስ አንድ ግድግዳ ላይ ሲገናኙ የሚሆነው ይህ ነው፤ ከልባሱ ጀርባ ያለው ክፍተት እንደ ጭስ ማውጫ ሆኖ እሳቱን ሽቅብ ይስበዋል። በየወለሉ ክፍተቱን የሚዘጋ የእሳት መከላከያ ሊኖር፣ የገመድ መገጣጠሚያ ደግሞ ከልባሱ ጀርባ ፈጽሞ ሊገባ አይገባም።

«ሰፈራችን ጨልሞ ሕንፃው ያበራል» የሚለው ምሬትም ሒሳብ አለው። ከላይ ያሰብነው ሕንፃ ስትሪፑ በሜትር 10 ዋት ቢወስድ 32 ኪሎ ዋት ይሆናል፤ ዘጠኝ ምጣድ ማለት ነው። ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ እኩለ ሌሊት ቢበራ በቀን 192፣ በዓመት 70,000 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ከተመረቀው ከ5,150 ሜጋ ዋቱ ሕዳሴ ግድብ አንፃር ኢምንት ነው። ነገር ግን ሰፈር የሚጨልመው ብዙ ጊዜ ግድቡ ስላነሰ አይደለም፤ ትራንስፎርመሩና መስመሩ ከአቅም በላይ ስለተጫነ ነው። 315 ኪሎ ቮልት አምፔር ለሆነ የሰፈር ትራንስፎርመር 32 ኪሎ ዋት አንድ አሥረኛው ነው፤ የሚጨመረውም ሁሉም ቤት ምድጃና ምጣድ በሚያበራበት ሰዓት ላይ ነው። ከ12 እስከ 3 ሰዓት ብርሃኑን በግማሽ ማደብዘዝ ለኤልኢዲ ምንም አይከብደውም፤ ከመንገድ ሆኖ ልዩነቱን የሚያስተውልም ጥቂት ነው።

መስኮት ላይ የሚያርፈው

ረጃጅም ሕንፃ ከመኖሪያ ርቆ ባለ ከተማ ይህ ጉዳይ ይቀላል። አዲስ አበባ ውስጥ ግን ጎን ለጎን ናቸው፤ ሰንጋ ተራ እንኳ ከባንኮቹ አጠገብ የ40/60 የጋራ መኖሪያ ቤቶች አሉት። የዓለም አቀፉ የብርሃን ኮሚሽን በመሐል ከተማ በሰው መስኮት ላይ ከውጭ የሚያርፍ ብርሃን በምሽት ከ25 ሉክስ፣ ከተወሰነ የመኝታ ሰዓት በኋላ ደግሞ ከ5 ሉክስ እንዳይበልጥ ይመክራል። ለሌሎች የከተማ ሰፈሮች 10 እና 2 ነው። ሙሉ ጨረቃ ሩብ ሉክስ ገደማ ስለሆነች 5 ሉክስ የሃያ ጨረቃ ብርሃን ነው፤ ያም ከፍተኛው ወሰን ነው። ነዋሪው የቤቱን መብራት አጥፍቶ፣ የሉክስ መለኪያ መስኮቱ ላይ ወደ ውጭ አዙሮ፣ አንዴ ከምሽቱ 2 ሰዓት፣ አንዴ ከሌሊቱ 5 ሰዓት መለካት ይችላል። የስልክ መተግበሪያ በትክክል አይለካም፤ እንዲያም ሆኖ 5ን ከ50 ይለያል፤ ለአቤቱታ መነሻ ይሆናል። የእንጦጦ ኦብዘርቫቶሪም ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ሁለት ባለ 1 ሜትር ቴሌስኮፖች አሉት፤ ወደ ሰማይ የሚወረወር እያንዳንዱ ብርሃን ለእነሱ ጭጋግ ነው።

በመሣሪያ የማይለካ አስተያየትም አለ። ከፒያሳና ከካዛንቺስ ተነሥተው ወደ ከተማዋ ዳር የሄዱ ሰዎች ስለ አዲሱ መብራት ሲጠየቁ የሚናገሩት ስለ ኬልቪን አይደለም። ዕድራቸው፣ ደንበኛቸው፣ ልጅ ያደገበት ግቢ የነበረበት ቦታ ነው የሚያበራው። ይህን «እድገት አይወዱም» ብሎ ማለፍ ትልቅ በደል ነው። የሚያምር ሕንፃ ያንን ሐዘን አይመልስም፤ ሐዘኑም ሕንፃው በአግባቡ እንዳይሠራ ምክንያት አይሆንም። ሁለቱ ለየብቻ መልስ የሚሹ ጥያቄዎች ናቸው።

የሕዝብ አስተያየት ጥቅም የሚሰጠው ዕቃው ከመታዘዙ በፊት ሲጠየቅ ነው። ለመብራት ይህ ቀላል ነው። ባለሕንፃው 3,200 ሜትር ከመግዛቱ በፊት 30 ሜትር ገዝቶ በሁለት ወይም በሦስት ወለል አንድ ጥግ ላይ ያስገጥም፤ ድራይቨሩና ሽፋኑ ለሙሉ ሥራው የሚገዛው ራሱ ይሁን። ለሦስት ሌሊት ይብራ፦ አንዱን በ3,000 ኬልቪን፣ አንዱን በ6,500፣ አንዱን ተደብዝዞ። አንድ ሰው ከፊት ለፊቱ ጋራ መኖሪያ ቤት መኝታ ክፍል ሆኖ ይለካ፣ አንዱ መስቀለኛ መንገዱ ላይ ከሾፌር ወንበር ይይ፣ አንዱ 500 ሜትር ርቆ ይመልከት። ጎረቤቶች ያሉት ከነሰዓቱ ይጻፍ፣ ፊርማቸው ይያዝ፣ ወረቀቱም ከግንባታ ፈቃዱ ሰነድ ጋር አብሮ ይግባ።